አራስ ድመትና የሰው እጅ

ለሰው ዓይን የተሰጠው ለምንድን ነው? እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለማየት ነው እንዳትሉኝ። ለማየት ቢሆን ኖሮ ያየውን ሁሉ በእጁ ካልዳበሰ፣ ካላገላበጠና ካልጨመቀ ለምን አያምንም? እስኪ ገበያ ውጡና ተመልከቱ። ቲማቲም ገዢ ነኝ ያለ ሰው መደቡን ሙሉ ጨምቆ ሁለት ፍሬ ይዞ ይሄዳል። በግ የሚገዛው የበጉን ወገብ ካልጨበጠ፣ ላቱን ከፍ ዝቅ ካላደረገ አይገዛም። እሱስ ይሁን፣ ገንዘቡን ነው የሚያወጣው። የማይገዛውስ? ጨርቅ ቤት ገብቶ የተንጠለጠለውን ሁሉ በጣቶቹ መሃል አሽቶ አሽቶ «ውድ ነው» ብሎ የሚወጣውስ? የሰው ሕፃን ጉንጭ ቆንጥጦ «ውይ ሲያምር!» የሚለውስ? ልጁ ሲያለቅስ ደግሞ ዞር ብሎ እናቱን «ምነው፣ ምን ሆነ?» ይላል። ቆንጥጠኸው ነዋ!

ይህን ያህል የተቆጣሁት ስለ ቲማቲም እንዳይመስላችሁ። ስለ ድመት ነው። ድመት ስልም ትልቋን አይደለም፤ ትልቋ ጥፍር አላት፣ ራሷን ትችላለች። እኔ የምላችሁ ዓይኑ ስላልተገለጠ፣ ጆሮው ከራሱ ላይ ስለ ተጣበቀ፣ የእናቱን ጡት በአፍንጫው ፈልጎ ከማግኘት በቀር በዚህ ዓለም ላይ አንድም ሥራ ስለሌለው የድመት ልጅ ነው። እሱን እንኳ አንተውም እኮ!

ነገሩ የሆነው አሰበ ተፈሪ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። ባለቤቴ መምህር ነበርና ከደብረ ብርሃን ወደዚያ ሲዛወር እኔም አዲስ ሙሽራ ነኝ፣ ተከትዬው ሄድኩ። የተከራየነው እትዬ ዘነበች ግቢ ነው። እትዬ ዘነበች ባላቸው የሞቱባቸው፣ ማሽላና ቡና የሚነግዱ፣ እጃቸው የማይሰስት ደግ ሴት ናቸው። ደግነታቸውን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ ስለምቆጣባቸው ነው።

የዚያን ዓመት ማሽላው ያዘ። ጎተራው ሞላ። ጎተራ ሲሞላ ማን አብሮ እንደሚሞላ ታውቃላችሁ። ከመሰላ ከተማ ይምጣ ከገለምሶ፣ እኛ ግቢ የሚያራግፈው ነጋዴ ሁሉ ወሬው አይጥ ብቻ ሆነ። አይጥ ጆንያውን በላ፣ አይጥ የባለሱቁን ሳሙና በላ፣ አይጥ የጫማ ማሰሪያ በላ። የባለቤቴን ተማሪዎች የፈተና ወረቀት ሳይቀር በላ፤ እሱስ ለልጆቹ እሰይ ነው። ትናንት «ውጪ!» እየተባለች በመጥረጊያ ስትባረር የኖረች ድመት እመቤት የሆነችው ያኔ ነው። ድመት ያለው ሰው ተከበረ። ድመት የሌለው ደግሞ ድመት ያለውን ሰው ደጅ መጥናት ጀመረ።

በዚህ መሃል የእትዬ ዘነበች ውሮ ወለደች። ውሮ ያልኳችሁ ድመቷን ነው፤ በዚያ ሰፈር ድመት ሁሉ ውሮ ነበር። ከጎተራው አጠገብ አሮጌ ጆንያ የተጣለበት የዕንጨት ሣጥን ነበር፤ እዚያ ውስጥ አራት ልጆች ደረደረች። ወሬው ከፀሐይ ቀድሞ ሰፈሩን አዳረሰ።

እንግዲህ የእኛን ሰው የአራስ ጥየቃ ታውቁታላችሁ። አራስ ቤት ዘው ተብሎ አይገባም። ከፀሐይ የመጣ ሰው ደጅ ላይ አረፍ ይላል። ሕፃኑ ለእንግዳ አይገለጥም፣ ዓይን ይበላዋላ። እናቲቱ ብረት ከራስጌዋ አይለያትም። ክርስትና እስኪነሳ ድረስ የልጁን ፊት ያላየ የግድግዳ ጎረቤት ስንት አለ! «አሳዩኝ» ቢል ደግሞ ምን ዓይነት ሰው ነው ተብሎ ለዓመት ይታማል።

የድመቷን ልጆች በተወለዱ ማግስት ከእናታቸው ጡት ላይ እየነቀለ ሆዳቸውን ወደ ሰማይ የገለበጠው እንግዲህ ይኸው ሕዝብ ነው።

ምን ፈልጎ? ወንድ ይሁን ሴት ሊያይ! ሴቷ ናት አይጥ የምትይዘው ይላል አንዱ። የለም ወንዱ ነው ይላል ሌላው። ሁለቱም ያገላብጣሉ፣ ሁለቱም አይለዩም። እጁ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚል አለ፣ እጁ ላምባ ላምባ የሚል አለ። አንዱ ያነሳል፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ጎረቤቱ ለሚስቱ ያቀብላል። ባለሱቁ ይልማ ደግሞ ከአራቱ ጥቁሯን «ይቺ የእኔ ናት» ብሎ ሌላ ሰው እንዳይወስድበት አንገቷ ላይ ቀይ ክር አሰረባት። ክር! ገና አንገት ይኑራት አይኑራት ባልታወቀ ፍጡር ላይ! ክርስትና ያነሳት መስሎታል።

ውሮ መጀመሪያ መጀመሪያ ትጮህ ነበር። ኋላ ዝም ብላ ማየት ጀመረች። የዝምታዋ ነገር እኔን አላማረኝም።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ እትዬ ዘነበች ደግሞ አንድ ቀን ለጋ ቅቤ በጣታቸው ይዘው መጡ።

«እትዬ፣ ምን ሊያደርጉ ነው?» አልኳቸው።

«ቅቤ ላውጣቸው ነዋ! አራስ ልጅ ቅቤ ካልዋጠ አንጀቱ አይላላም።»

«እናታቸው አለች እኮ! ጡቷም ሞልቷል!»

«አንቺ ገና አልወለድሽ፣ ምን ታውቂና!» አሉኝ።

ነገሯን ዋጥ አደረግኋት። ባልወልድም ዓይን አለኝ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይኼ አይደል? ውሮ ስንት ጊዜ ወልዳ ስታሳድግ ማን ቅቤ አቀበላት? ሦስቱ እንኳ ከጣታቸው አመለጡ። ነጩ ግን ዋጠ፣ አነቀው፣ ሲያስለው ዋለ። በማግስቱ ስንመጣ የለም፤ ከወንድሞቹ ሥር ደርቆ ተገኘ። እትዬ ዘነበች እያዘኑ «ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ። ቀኑ ደርሶ! ከተወለደ ስንት ቀን ሆነውና ነው ቀኑ የሚደርሰው?

ወተት የምታመጣልን አዴ መይረም ብቻ ናት እንደ ሰው የተናገረች። አዴ መይረም ከከተማው ወጣ ብላ የምትኖር፣ ላሞቿን በየስማቸው የምትጠራ፣ «እርስዎ» የሚባል ነገር የማታውቅ ሴት ናት፤ ሹሙንም ቄሱንም አንተ ትላለች፣ ማንም አይቀየማትም። ቅሏን አስቀምጣ ሰዉን ስታይ «ሂን ቱቂን!» ብላ ጮኸች። አትንኪ ማለቷ ነው። «አዱሬ አይኑ ሳይከፈት አይነካም። እናቱን ታስጨንቂያለሽ። ወላሂ ትበላዋለች!» አዱሬ ያለችው ድመቱን ነው። ትበላዋለች ያለችውን እንኳ አላመንኳትም። አይነካም ስትል ግን እጇን መሳም ቃጣኝ። የሰማት የለም እንጂ።

ግዝቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አባ ተክሌ የእትዬ ዘነበችም የእኛም የነፍስ አባት ናቸው። ጠበል ሊረጩ ወደ ግቢው ሲገቡ ይልማና ጎረቤታችን የአሥር አለቃው ሚስት ጥቁሯን ከግራና ከቀኝ ይዘው «የእኔ ናት፣ የእኔ ናት» ሲባባሉ አገኟቸው። ክር አስሬባታለሁ ይላል እሱ። እኔ ከመወለዷ በፊት ለምኛለሁ ትላለች እሷ። ፍጡሯ በመሃል እግሮቿን ዘርግታ ሲጥ ሲጥ ትላለች። አባ ተክሌ ጠበሉን አስቀመጡና መስቀላቸውን አወጡ።

«ይህ ምን ዓይነት ጉድ ነው? ስለ ድመት ደም ልትፋሰሱ ነው? ከዛሬ ጀምሮ ዓይናቸው እስኪገለጥ ድረስ እነዚህን ፍጥረቶች በእጁ የነካ ግዝት ይሁንበት!»

ጥቁሯ ወደ ሣጥኗ ተመለሰች፣ ሰዉም እጁን ሰበሰበ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! እሰይ የእኔ አባት፣ እሰይ! አልኩ በልቤ። ምክር የናቀ ሰው መቼም የሚፈራው ነገር አያጣም። አባ ተክሌም በማግስቱ የዘመድ ተዝካር አለብኝ ብለው በጭነት መኪና ገለምሶ ሄዱ።

ውሮ ግን ስለ ግዝቱ የነገራት የለም። እሷ የምታውቀው ይህ ሣጥን የሕዝብ መናፈሻ መሆኑን ነው። ስለዚህ ጓዟን ጠቅልላ ልትሄድ ወሰነች፤ እኔስ ብሆን?

አንድ ጠዋት ነው፣ ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ጣሪያችን ላይ የተኛበት፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብርበት ጠዋት። ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ሣጥኑ ውስጥ የቀረችው ጥቁሯ ብቻ ናት፤ ሁለቱ የሉም። ቀይ ክሯ ከአንገቷ አለ። ጭንቅላቷን እያወዛወዘች ጡት ትፈልጋለች። ጡቱ የለም። ከላይዋ ግን ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል።

«ጥላት ሄደች!» ይላል አንዱ። «የሰው እጅ ሸቷታላ፣ ከእንግዲህ አትመለስላትም» ትላለች የአሥር አለቃው ሚስት፤ የማን እጅ እንደሆነ ግን አትናገርም። «ድሮስ! ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» አሉ እትዬ ዘነበች። ድመቷ ተሰደበች፣ ድመቷ ተረገመች። ያቺ ትንሽ ግን በርዷት እየተንቀጠቀጠች ነው። ማን ያንሳት? ትናንት አትንኩ ሲባል እጁ አላርፍ ያለው ሁሉ ዛሬ እጁን ነጠላው ውስጥ ደብቋል።

«እኔማ ባነሳት ምንኛ ደስ ባለኝ!» አለ ይልማ፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ። «ግዝት ሆነብኝ እንጂ።»

ከዚያማ ክርክር ተጀመረ። ሌላ ቄስ ጠርተን እናስፈታ ያለ ነበር፤ ያሰረ ይፍታ ተባለ። ገለምሶ ሰው እንላክ ያለ ነበር፤ በዚያ ጭጋግ መኪና የለም። አንዱ ብልህ ደግሞ «አባ ያሉት በእጁ የነካ ነው። በአካፋ ብናነሳትስ?» አለ። በአካፋ! እንደ አመድ! የሚገርማችሁ ይህ አሳብ ደጋፊ አገኘ፤ አካፋ ሊያመጣ የሄደም ነበር።

አዴ መይረም ወተቷን ይዛ ስትገባ እፎይ አልኩ። ቄሱ የእሷ ቄስ አይደሉም፣ ግዝቱም አይዛትም። «አዴ፣ በፈጠረሽ አንሺያትና ካንቺ ጋር ትሙቅ» አልኳት። አየቻት፤ ልታነሳት ጎንበስም አለች። ከዚያ ግን እጇን ሰበሰበች። «ኧረ አቦ! የቄስ ቃል ነው። እሱም የረቢ፣ የፈጣሪ ሰው ነው። የሱን ቃል እኔ አልሰብርም» አለች። ወይ እዳዬ! ሌላ ቀን ቢሆን አንዱ የሌላውን እምነት እንዲህ ማክበሩ እንባ ያመጣብኝ ነበር። ያን ዕለት ግን አንጀቴን ድብን አደረገኝ።

ቀና ስል ማንን ባይ ጥሩ ነው? ውሮን! ከማድ ቤቱ ክዳን ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ሳጥኑ ላይ ተክላለች። አንድ ጊዜ ልትወርድ እግሯን ትዘረጋለች፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ትሰበስባለች። ለካስ ጥላ የሄደች እናት የለችም! ሁለቱን አድርሳ ሦስተኛዋን ልትወስድ ተመልሳ መጥታ ነው። መንገዱን ዘግተን ቆመን «ጨካኝ» እያልን የምንሰድባት እኛ ነን።

«ውጡ!» አልኩ። «እናቷ ያቻት! ራቁላት!»

ሁሉም አንገቱን አቅንቶ ወደ ክዳኑ አየ። አንድ እርምጃ ንቅንቅ ያለ ግን የለም። እንዲያውም «የታለች? የታለች?» እያለ የባሰ ተጠጋ። በዚህ መሃል የጥቁሯ ድምፅ ቆመ። አፏን ትከፍታለች፣ ድምፅ አይወጣትም።

ከዚያ በኋላ አላሰብኩም። ጎንበስ ብዬ አነሳኋት። እንዴት እንደቀዘቀዘች! መዳፌ ውስጥ እንደ ወንዝ ድንጋይ ነበረች። ያን የተረገመ ክር በጥርሴ በጠስኩና ከጡቴ ሥር ከቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኳት።

«ግዝት!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘነበች። «ኧረ ግዝት ጣሰች! ኧረ ጉድ ሆነች!»

ውጡ ብዬ የለመንኩት ሕዝብ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በአንድ ጊዜ ብትን አለ! የተገዘተ ሰው አጠገብ ማን ይቆማል? ይልማ ነጠላ ጫማውን ጥሎ ነው የሮጠው። አካፋ ይዞ የመጣው ሰውዬ አካፋውን በሩ ላይ ወርውሮ ተመለሰ። ግቢው ጭር አለ፤ እኔና አዴ መይረም ብቻ ቀረን። እሷም ራቅ ብላ ቁጢጥ አለችና በአፏ ዱዓ ማድረግ ጀመረች። ለእኔ ይሁን ለድመቷ አላውቅም።

ብዙ ቆየሁ። እስትንፋሴን ወደ ውስጥ እየተነፈስኩ ቆየሁ። ሞታ ከሆነስ እያልኩ ለማየት ፈራሁ። ኋላ ደረቴ ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ነገር ቧጠጠኝ፣ ቀጥሎም ሲጥ የሚል ድምፅ መጣ። ቀስ ብዬ ጆንያው ላይ መለስኳትና ወደ በራችን አፈገፈግሁ።

ውሮ ወረደች። አሸተተቻት። አንዴ ወደ እኔ አየች፣ እንደገና አሸተተቻት። የአዴ መይረም «ትበላዋለች» ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ። ውሮ ግን ግንባሯን ላሰቻት፣ ክር የነበረበትን አንገቷን ላሰቻት፣ ከዚያ በማጅራቷ አንጠልጥላ ከጎተራው በላይ ወዳለው ቆጥ ይዛት ወጣች። ስለ ሰው ሽታ አንድም ቅሬታ አላሰማችም። እኔ ግን በር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስታም ንዴትም ነው፤ የበለጠው ንዴት ነው።

አባ ተክሌ እስኪመለሱ ድረስ የሆንኩትን ብነግራችሁ አታምኑኝም። እሳት ሊጭር የሚመጣ ጎረቤት ቀረ። እትዬ ዘነበች ሰላም የሚሉኝ በአገጫቸው ነው። ይልማ ብቻ ከሩቅ ቆሞ «ድመቴስ?» አለኝ።

«የትኛዋ ድመትህ?»

«ቀይ ክር ያለባት።»

«ቀይ ክር ያለባት ድመት በዚህ ግቢ የለችም» አልኩት። ውሸት ነው እንዴ?

አባ ተክሌ የተዝካሩ ጠላ ሠርግ ላይ ጥሏቸው፣ ሠርጉ መልስ ላይ ጥሏቸው፣ ቆይተው መጡ። እትዬ ዘነበች ወሬውን በር ላይ ተቀበሏቸው። ተጠራሁ። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳሁ።

«አባ፣ እርስዎ የገዘቱት እንዲድኑ አይደለም?»

«ነው እንጂ ልጄ።»

«ታዲያ ሳድናት ምን አጠፋሁ?»

«ሳታስፈቺ ነካሻ።»

«ክር ያሰረባትስ? ቅቤ አውጠው የገደሉትስ? ግራና ቀኝ የጎተቷትስ?»

«እነሱ የነኩት ከግዝቱ በፊት ነው» አሉና ፂማቸውን አሻሹ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም አላጣሁትም፣ ደግ አደረግሽ። ግን ያንቺን ዝም ብል ነገ ማን ግዝቴን ይሰማል?» አሉኝ።

ሰማችሁ? አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ! የገደለው በነፃ ሲሄድ ያዳነው ስግደት ተሸለመ። ጠዋት ጠዋት እንድሰግድ ታዘዝኩ። ሰፈሩም ስግደቱን ሲሰማ ምን ብትሠራ ነው ብሎ ይመራመር ጀመር። «ድመት ነክቼ ነው» ብል የአሥር አለቃው ሚስት በክንዷ ጎሰም አድርጋኝ «ተይ እባክሽ! ዋናውን ንገሪን» አለችኝ።

ዛሬ ዛሬ ሰው ይጠይቀኛል፤ የድመት ልጅ መቼ ነው የሚነካው? መልሴ አጭር ነው። ዓይኑ እስኪገለጥ፣ ባራት እግሩ ቆሞ መውተርተር እስኪጀምር ተዉት። ከዚያ በኋላም በታጠበ እጅ፣ ለአፍታ፣ እናቱ እያየች። ጡት ሳይጥል ከእናቱ አትለዩት። ቢበርደውና እናት ባይኖረው ግን ያኔ አንሱት፤ ያኔ ግዝትም፣ አካፋም፣ ሸንጎም አያስፈልግም። ይህን እላለሁ፤ «እሺ» ይሉኛል፤ እሺ እያሉም እጃቸውን ይሰዳሉ።

አንድ ጠዋት ክፍላችን ውስጥ እየሰገድኩ ነው። እንደ ተናደድኩ ነበር፤ ቂም ይዞ ጸሎት የሚባለው እሱ ነው። ግንባሬን መሬት አስነክቼ መዳፌን እንደ ዘረጋሁ አንድ እርጥብ ነገር ጣቴን ነካኝ። በግንባሬ ሥር አየሁ፤ ጥቁሯ ናት። ሰማያዊ ዓይኗ ተገልጧል፣ ሆዷ ተነፍቷል፣ እግሮቿ ገና አይታዘዟትም። ውሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታያለች፤ አትቆጣም። እኔ ንቅንቅ አላልኩም። ጥቁሯ ጣቴን አሸተተች፣ ነከስ አደረገች፣ መዳፌ ላይ እየወደቀች እየተነሳች ወጣችና ተጠቅልላ ተኛች። ብነሳ ትወድቃለች። እንደ ሰገድኩ ቀረሁ። ባለቤቴ ቁርስ ፍለጋ ሲገባ በዚያው ሁኔታ አገኘኝና «አንቺ ሴት፣ ደግሞ ነካሻት?» አለኝ።

«እኔ አልነካኋትም» አልኩት፣ ከመሬት ሳልነሳ። «እሷ ናት የነካችኝ።»